ስድስት ክፍሎችና አንድ ደብዳቤ

አንድ ሰው ነበረ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረ።

መምህር ደምሰው ነገሩን በዚህ የጀመሩት፣ ጸዳለ ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ጸዳለ ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረች፣ ባለፈው ዓመት የአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆና የተሾመች ሴት ናት። «መምህር፣ በሥሬ ሰባት ክፍሎች አሉ» አለቻቸው። «ሰባቱም በየወሩ ዕቅዳቸውን መቶ በመቶ ይፈጽማሉ። አንባቢው ግን እየራቀ ነው፤ የመጣውም ቅር ብሎት ይመለሳል። የትኛውን ክፍል ላስተካክል?» መምህሩ ይኸኛውን ወይም ያኛውን አላሏትም። የዚያን ሰው ነገር ነገሯት።

ሰውዬው የገበሬ ልጅ ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። እሱ እንዲማር ብላ ግን ሁለት ጊዜ የመጣላትን ባል መልሳለች፤ «ይህን ልጅ ለማን ጥዬው እሄዳለሁ?» እያለች። በኋላ ስታገባም እሱን ይዛው ነው የገባችው። ልጁም አላሳፈራትም። ተማረ፣ ተመረቀ፣ ከተወለደበት ቀበሌ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ የትልቁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ።

ክፉ ሰው እንዳልነበረ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ጠዋት ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሞ ይገባል። ዘመዱን አይቀጥርም። ሐሜት አይሰማም። ሥራ ተበላሽቶ ሲያይ እንደ ሕመም ይሰማዋል።

የተረከበው ቤት ደግሞ በእርግጥ የተበላሸ ነበር። በስጦታ የመጣ መጽሐፍ በየኮሪደሩ በካርቶን ተቆልሏል። ታሪክ ከሂሳብ ጋር ተደባልቆ ተደርድሯል። መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰው ሰው ብዛት አይታወቅም። ቤቱ በገጠር ላሉ መምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለግብርና ሠራተኞች በደብዳቤ ለሚጠይቁት ነገር ጽሑፍ ፈልጎ ቅጂ ይልካል፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ግን መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሠራተኛው አንዱ የሌላው ክፍል እየገባ ሻይ ይጠጣል፣ ያወራል። ማን ምን እንደሚሠራ መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ ለመለየት ያስቸገረችው ወይዘሮ ሙሉእመቤት የምትባል ሴት ናት። በመዝገቡ ላይ የንባብ ክፍል ረዳት ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አንባቢ በበሩ ሲገባ ምን እንደፈለገ ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ የሰውየውን ጥያቄ ይዛ ትዞራለች። ካታሎጉ ላይ ካጣችው ወደ ካርቶኖቹ ትሄዳለች። እዚያ ከሌለ ጥገና ላይ ያሉትን ታገላብጣለች። መጽሐፉ ተውሶ የወጣ እንደሆነ የተዋሰውን ሰው ቤት ስለምታውቀው መልእክት ትልክበታለች። ከገጠር የመጣውንም ደብዳቤ እንዲሁ ይዛ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። ሻይ ላይ ስትቀመጥም ወሬዋ ይኸው ነው፤ ዛሬ ሦስት ተማሪ ስለ ንብ ማነብ ጠይቆ አጥቶ ሄደ፣ እስቲ ያን የግብርና ካርቶን ክፈቱት ትላለች። በማግስቱ ካርቶኑ ይከፈታል። ለምን እንደተከፈተ የሚጽፈው ግን የለም።

አዲሱ ኃላፊ አንድ ወር ሙሉ ቤቱን አጠና። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት «ሰው የሚፈልገውን እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። ወደ ቢሮው ጠርቶ፣ ይህ የየትኛው ክፍል ሥራ ነው፣ በቀን ስንት ይሠራል፣ በምን ይለካል ብሎ ጠየቃት። «እንደሚመጣው ሰው ነው» አለችው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ክፍል ስትዞር ሲያያት ስለከረመ፣ ሥራ ፈት መሆኗን በልቡ ቀድሞ ቆርጦ ነበር። ሊያዋርዳት ግን አልፈለገም። ምድር ቤት ባለው የጥገና ክፍል፣ በመጻሕፍት ጀርባ ላይ የመለያ ወረቀት እንድትለጥፍ መደባት። በቀን ሰማንያ መለጠፍ አለባት።

ቤቱን በስድስት ክፍል ከፈለው። ለእያንዳንዱ የራሱን በር፣ የራሱን አለቃና አንድ የሚለካበትን ቁጥር ሰጠው። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያቋርጥ፣ ከሌላ ክፍል እርዳታ የሚፈልግ ሰው ቅጽ ሞልቶ በሁለት አለቆች አስፈርሞ እንዲጠይቅ ደነገገ። ቅጹ መልስ እስኪያገኝ አምስት ቀን ይፈጃል። በቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ። ዕቅዱን ያሟላ ክፍል በአረንጓዴ ቀለም፣ ያላሟላ በቀይ ይጻፋል።

በዓመቱ ስድስቱም አረንጓዴ ሆኑ።

የስጦታ መቀበያው ክፍል የሚለካው በገባው መጽሐፍ ብዛት ስለሆነ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። ካታሎግ ሠሪዎቹ የሚለኩት በወር ስንት መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ እንደመዘገቡ ስለሆነ ቀላል ቀላሉን አስቀደሙ፤ ሽፋኑ የተቀደደውን፣ የጸሐፊው ስም የጠፋውን፣ ማሰሪያው የላላውን «ለኋላ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ያ ኋላ የሚባለው ጊዜ በማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። መደርደሪያ ጠባቂዎቹ አንድም መጽሐፍ ከቦታው እንዳይዛነፍ ስለተነገራቸው በመደርደሪያዎቹ መግቢያ ላይ ገመድ ዘርግተው አንባቢው እንዳይገባ ከለከሉ። አዋሾቹ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ስለታዘዙ ሁለት ዋስ ያላመጣ ሰው መጽሐፍ እንዳይወስድ አደረጉ። እውነትም በዚያ ዓመት አንድም መጽሐፍ አልጠፋም። ጥያቄ መላሹ ክፍል ደግሞ ደብዳቤ በገባ በሦስተኛው ቀን መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ። ሦስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው በሦስት ቀን ሲያልቅ ኃላፊው በራሱ ኮራ። ለምን እንዲህ ሊፈጥን እንደቻለ አልጠየቀም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ይላካል፤ የሌለው «የለም» ይባላል። ሁለቱም መልስ ሆነው ይቆጠራሉ።

ከሌላ ከተማ ሰዎች መጥተው ሰሌዳውን አይተው ሄዱ። የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ በመስታወት አሠርቶ ሰቀለው። ወደ ንባብ ክፍሉ መውረድም ተወ፤ ሁሉን ነገር ሰሌዳው ይነግረዋላ። አንባቢው እንደቀነሰ አንድ ቀን ሲነገረው፣ የዘንድሮ ወጣት ከስልኩ ላይ ዓይኑን አያነሳም ብሎ አለፈው።

በዚያ ዓመት በእሱ አገር ዝናቡ ቀድሞ ተቋረጠ። ጤፉም ስንዴውም በቡቃያው ደረቀ። መሬቱ በያዘው ጥቂት እርጥበት የበቀለው ጓያ ብቻ ነበር። ሰዉ ጓያ ሰበሰበ፣ ጓያ ፈጨ፣ ጓያ ጋገረ። የካቲት አለፈ። በመጋቢት አንድ ጎረምሳ እግሩ ከበደው፤ ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ጣቶቹ መሬት ይጎትታሉ። ቀጥሎ አንዲት ሴት እንዲሁ ሆነች። ሽማግሌዎቹ ጓያ እግር ይሰብራል ሲባል ሰምተዋል። ግን አንዱ የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎቱ ነው ይላል፣ ሌላው በማሳው ውስጥ መሄድ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይህ ጓያም አይደለ፣ ብርድ ነው ይላል። የቀበሌዋ የግብርና ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። እርግጡን ስላላወቀች ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ጻፈች። ሕዝቡ ከጓያ በቀር የሚበላው እንደሌለ፣ የሁለት ሰው እግር እንደታመመ ገልጻ፣ ጓያ በእውነት እግር ይሰብር እንደሆነ፣ የሚሰብርም ከሆነ እንዴት ተዘጋጅቶ ቢበላ ጉዳቱ እንደሚቀንስ የሚናገር ጽሑፍ ካለ ቶሎ እንዲላክላት ለመነች።

ደብዳቤው ማክሰኞ ገባ። የጥያቄ መላሹ ክፍል ጸሐፊ ዝምተኛ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ኮምፒውተሩ ላይ «ጓያ» ብሎ ጽፎ ሲፈልግ ምንም አላገኘም። «ጥራጥሬ» ብሎ ሲሞክር ስለ አዝመራ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ብቻ መጣለት፤ በውስጡ ስለ ጓያ ያለው አንድ መስመር ነው። ረቡዕ ዕለት፣ ካታሎግ ክፍል ካሉት ካርቶኖች ውስጥ የሆነ ነገር አይጠፋም ብሎ አሰበ። ግን ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል፤ ቅጹ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ነገ ነው። በዚያ ወር አንድ ደብዳቤ አዘግይቶ ክፍሉን በሰሌዳው ላይ ቀይ ስላስደረገው በሁሉ ፊት ተወቅሷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «በተጠየቀው ጉዳይ ላይ በቤተ መጻሕፍታችን የተመዘገበ ጽሑፍ የለም» ብሎ ጻፈ። ማኅተም ተመታበት፣ ወጣ። ሰሌዳው ላይ ያ ሳምንት አረንጓዴ ሆነ።

ጽሑፉ ግን በቤቱ ውስጥ ነበር። ሁለት ሐኪሞች በየገጠሩ ዞረው በቀላል አማርኛ የጻፉት፣ አርባ ገጽ የማይሞላ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ትንሽ ጥራዝ ነው። አንድ ዶክተር ሲሞት ቤተ ሰቦቹ መጻሕፍቱን ለቤተ መጻሕፍቱ ሲሰጡ አብሮ የመጣ ነው። አራት ዓመት ሆኖታል። ካታሎግ ክፍል ውስጥ፣ «ለኋላ» ከሚሉት ካርቶኖች በሦስተኛው ውስጥ ተኝቷል።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ኃላፊው ለምሳ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እህቱ በሳሎኑ ግድግዳ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። የቀበሌው ሰዎች በቃሬዛ እስከ መንገድ ተሸክመው፣ ከዚያ በመኪና ነው ያመጧት። በጎኗ ሁለት ምርኩዞች ተጋድመዋል። እንደ ወትሮዋ ልትስመው አልተነሣችም።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ጓያ ሰበረኝ» አለች። ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው። እሷ ብቻ አልነበረችም። በቀበሌው አሥራ አንድ ሰው ተሰብሯል። ሰባቱ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። አንዲቱ በጥር የተዳረች ሙሽራ ናት፤ ባሏ ወደ አባቷ ቤት መልሷታል።

ሰውዬው ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠበት። ጓያ እንደሚጎዳ እየተወራ ለምን ትበላላችሁ፣ እንዴት አንድ የሚያስብ ሰው ይጠፋል እያለ ጮኸ። እህቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ፈርተን ትተነው ነበር እኮ» አለችው። «ያቺ የግብርናዋ ልጅ ወደ እናንተ ቤት ስትጽፍ ሰዉን ሁሉ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ያለበት ቤት ነው፣ መልሱ ሳይመጣ እንዳትነኩት አልኋቸው። ዘጠኝ ቀን ጎመን ዘርና ቅጠል እየቀቀልን ቆየን። ልጆቹ ሲያለቅሱም ወንድሜ ይልካል እያልሁ አባበልኋቸው።»

ሰውዬው ስለ ምን እንደምታወራ አላወቀም። ደብዳቤ ወደ እሱ አይመጣም፤ ወደ እሱ የሚመጣው ስንት ደብዳቤ እንደተመለሰ ነው። «ከዚያስ?» አላት።

«መልሱ መጣ። የለም ይላል።»

ቀሚሷን በእግሮቿ ላይ አስተካከለች።

«ያን ሁሉ መጽሐፍ ሰብስበው አይተው የለም ካሉ፣ እንግዲህ ጓያው አይደለም ማለት ነው አልን። በላን።»

ምሳው ቀርቦ ነበር። አልቀመሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን ከፋይል አስወጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረና ስድስቱን የክፍል አለቆችና ጸሐፊውን ጠራ። ጥፋተኛውን ሊያገኝ ቆርጧል። አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሁሉም ወረቀታቸውን ይዘው ነበር የመጡት። የስጦታ መቀበያው አለቃ የተቀበሉትን መጽሐፍ ሁሉ ለካታሎግ ማስረከባቸውን በፊርማ አሳየ። የካታሎግ አለቃዋ ክፍሏ በወሩ ከዕቅዱ በላይ መመዝገቡን፣ አስቸጋሪዎቹ ወደ ኋላ እንዲቆዩም ኃላፊው ራሱ በፈረመበት መመሪያ መፈቀዱን አሳየች። መደርደሪያ ጠባቂዎቹ ወደ እኛ ያልመጣ ነገር ነው አሉ። አዋሾቹም እንዲሁ። የጥገናው አለቃ ነገሩን ገና ዛሬ መስማቱ ነው። ጸሐፊው የገባበትንና የወጣበትን ቀን አሳየ፤ ማክሰኞ ገብቶ ሐሙስ ወጥቷል። ሰውዬው ይበልጥ የተናደደው ውሸት ስላገኘ አልነበረም። አንድም ውሸት ስላጣ ነው።

ሁሉንም እዚያው አስቀምጦ፣ «ሰው የሚፈልገውን እፈልጋለሁ» ብላ የጻፈችው ሴት ትዝ ብላው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት በአምፖል ብርሃን መለያ ትለጥፋለች፤ ጣቶቿ በሙጫ ተጣብቀዋል።

«በዚህ ቤት ስለ ጓያ የተጻፈ ነገር ታውቂያለሽ?» አላት።

«አለ እንጂ» አለችው። «ከዶክተሩ መጻሕፍት ጋር የመጣ፣ ሽፋን የሌለው። የባሌን አጎት ጓያ ስለሰበራቸው ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ።»

እጇን ታጥባ ተነሣች። ወደ ካታሎግ ክፍል ወጥታ ሁለት ካርቶን አስነሥታ ሦስተኛውን ከፈተች። ጥራዙን በእጁ ስታኖርለት ሩብ ሰዓት አልሞላም። ለምን ሳትናገር ቀረሽ ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ከመጠየቁ በፊት መለሰችለት።

«ወደ ታች ቤት ደብዳቤ አይመጣም፣ ጌታዬ።»

ቆሞ አነበበው። ጓያ ለብቻው ለወራት ከተበላ እግር እንደሚሰብር ይላል። እንፋሎቱም ማሳውም ምንም እንደማያደርጉ ይላል። ሌላ የሚበላ ከጠፋ፣ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ያንንም ውሃ መድፋት፣ የተገኘውን ያህል ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ጉዳቱን እንደሚቀንስ ይላል። የተሰበረ እግር ግን ተመልሶ እንደማይድን ይላል። ከጥራዙ ውስጥ ይህን የሚናገረው፣ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ የሚያነበው ሁለት ገጽ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለለት። ወሬው ደርሷቸዋል። ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቅ ተባለ። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። ቅጹን የደነገገው ማን ነበር? ሦስቱን ቀን የወሰነው ማን ነበር? ሴትዮዋን ምድር ቤት ያወረዳት ማን ነበር? ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከረ፤ የሚጻፍ አልሆነለትም። የተጠየቀው አንድ ስም ነው። «የለም» ከሚለው ቃል ሥር ያለው ፊርማ ደግሞ የጸሐፊው ነው። የስንብት ደብዳቤውን ጻፈለት።

ጸሐፊው ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበና አጠፈው። «ጌታዬ፣ አራተኛ ቀን ብጠብቅ ኖሮ የምቀጣው ስለዘገየሁ ነበር» አለ። «ሦስት ቀን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።» ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ሰውዬው እህቱን ወደ ቀበሌዋ ሲመልሳት ጥራዙን ይዞ ሄደ። ሰዉ ተሰበሰበለት። የተሰበሩት በየምርኩዛቸው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ አነበበላቸው። ሲጨርስ አንድ ገበሬ፣ ልጁ አጠገቡ ምርኩዙን ታቅፎ ተቀምጧል፣ ይህ ወረቀት እስከ ዛሬ የት ነበር ብሎ ጠየቀው። «እኛ ዘንድ» አለው ሰውዬው። «ስንት ጊዜ ሆነው?» ሲለው «አራት ዓመት» አለ። ገበሬው ልጁን በብብቱ ደግፎ አነሣውና ቀስ እያሉ ሄዱ። እህቱ ወንድሟን «ይበቃል፣ ሰዉ ይሂድ» አለችው።

በቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ጸሐፊ ተቀጠረ። የቀድሞው በምን እንደተባረረ ስለሰማ «የለም» ብሎ መፈረም ፈራ። ስለዚህ ለመጣው ደብዳቤ ሁሉ በሦስተኛው ቀን «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በመጣራት ላይ ነው» እያለ ይልካል። ይህም መልስ ሆኖ ተቆጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ወረዳ አንድ የጤና ባለሙያ፣ ከአዲስ ጉድጓድ ውሃ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው እየጠቆረና አጥንታቸው እየጎበጠ ነው ብሎ ሲጽፍ ያገኘው መልስ ይኸው ነበር። ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። ሰውዬው ይህን ያወቀው ባለሙያው ሦስት ጊዜ ጽፎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ራሱ በመጣ ጊዜ ነው። ያን ቀን ጸሐፊውን አልተቆጣውም። ሰሌዳውን አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው፤ ቅጹንም ሻረ። ወደ ምድር ቤት ወርዶ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለስ ዘንድ ሊለምናት ፈልጎ ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት በጡረታ ወጥታለች ተባለ። ቤቷ ድረስ ሄደ። በደንብ ተቀበለችው። ዓይኗ በዚያ አምፖል ሥር ደክሞ መጽሐፍ ማንበብ እንደተሳናት ነገረችው። ለአዲሶቹ ሥራውን አስተምሪልኝ ሲላት፣ እሷ የምታውቀው ሰዎቹን እንደነበር፣ ከማን ዘንድ ምን እንዳለ፣ ማን ምን አጥቶ እንደሄደ እንደነበር፣ ያም ሁሉ አሁን ተቀያይሮ እንዳለቀ ነገረችው። ሸኝታው ገባች።

ጸሐፊው ወደ ሥራው እንዲመለስም ጻፈ። የተባረረ ሰው ፋይሉ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣለት።

እህቱ ዳግመኛ ከተማ አልመጣችም። እሱ ሲሄድ ታበላዋለች፣ ታጠጣዋለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። ስለ ሥራው ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

መምህር ደምሰው እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ጸዳለ ዞሩ።

«የትኛውን ክፍል ላስተካክል ብለሽ ጠየቅሽኝ» አሉ። «ያም ሰው የጠየቀው ይህንኑ ነበር። አንድ አገኘና አስተካከለ፤ አንድ ሽማግሌ እንጀራውን አጣ፣ ቤቱ ግን ያው ሆነ። ከስድስቱ የታመመ አልነበረም። የታመመው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ በር የለውም፣ አለቃ የለውም፣ ሰሌዳ ላይ መስመር የለውም። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲበረታ ጥያቄው የሚያልፍበት መንገድ ተዘጋ። የዘጋው የሰነፎች ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የዘጋው የአንድ ትጉህ ሰው ትጋት ነው። ያቺ ልጅ ደብዳቤዋን የጻፈችው ለስድስት ክፍሎች አልነበረም። ለአንድ ቤት ነው የጻፈችው። የመለሰላት ግን አንድ ጠረጴዛ ነው።»

ጸዳለ ታዲያ ምን ላድርግ አለቻቸው።

«ነገ ስትገቢ ማንንም አትጥሪ፣ ማንንም አትቅጪ። ቅር ብሎት ከሚወጣ አንድ ሰው ጥያቄውን ተቀበዪው። ከበሩ ጀምረሽ ይዘሽው ሂጂ፤ ከቆመበት ቁሚ። ማን አቆመው አትበዪ። እኔ ምን ብዬ ባዝዝ ነው እዚህ የቆመው በዪ። መልሱ ያሳፍርሻል፤ ያሳፍርሽ። አሁን ብታፍሪ እግር የሚተርፍለት ሰው ይኖራል።»

ጸዳለ ማስታወሻዋን ዘግታ ተነሣች። መምህሩ ገና አልጨረሱም ነበር።

«የዚህን ወር ሪፖርት መቼ ነው የምትፈርሚው?» አሏት።

ዓርብ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ስትፈርሚ አስቢ። አንቺ መቶ በመቶ ብለሽ ስትፈርሚ፣ ከቤትሽ የወጣውን ቃል አምኖ ገበታ የቀረበ ሰው አለ።»